የጾም ቀን ሽሮፕ

አዲሎ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ገበያው ዳር፣ አዜብ የጥላዬን ጣት ወጋች።

የደሙን ጠብታ ለስኳር መለኪያው አስነካችና ጠበቀች። ቁጥሩ ወጣ። ደህና ነበር። ጠዋት ፍርፍሩን በልቶ የወጣ ሾፌር ስኳር ነው።

«ወርዶብሃል» አለችው።

«ምኑ?»

«ስኳርህ። ላብ ላብ አይልህም?»

ጥላዬ ግንባሩን ዳበሰ። ፀሐይ ላይ ካርቶን ሲያወርድ ያረፈደ ሰው ግንባር መቼም እርጥብ ነው።

«ይለኛል! ኧረ ከትናንት ጀምሮ ይለኛል! ምን ይሻለኛል? ከሽሮፑ አንድ ማንኪያ ልቅመስ?»

«እንዳትነካው! እሱ የሚያወርድ ነው፤ ጭራሽ ይደፋሃል። የወረደበት ሰው ጣፋጭ ነው የሚወስደው። እዚያ ጭማቂ ቤት ግባና አቮካዶ ስኳር አስጨምረህ ጠጣ። ተቀምጠህ፣ ቀስ ብለህ።»

«ጌታ ይባርክሽ እህት አዜብ። ሚስቴን ከመበለትነት አዳንሻት።» ወዲያው ዓይኑ ጥቁር ልብሷ ላይ አረፈ። «ውይ፣ ይቅርታ...»

«ሂድ።»

ሄደ።

ጥላዬ የሽሮፑ ድርጅት ሾፌር ነው። የባለቤቱ ዓይንም ነው። በየገበያው ከአዜብ እንዳይለይ ታዟል፤ እሷም ታውቃለች። ያላት ጊዜ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ እስኪያልቅ ነው።

ዘንቢሏን አንስታ ወደ ቆጮ ተራ ገባች። ዘንቢሉ ውስጥ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አለ። ቆጮው ሆድ ውስጥ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ በቃጫ የታሰረ ነጭ ዱቄት አለ።

የምትቀበላት እህተማርያም ናት። አሮጊት ናት፣ ሰማያዊ ጃንጥላ ትይዛለች። ትመጣለች፣ ቆጮው የየት እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ትገዛለች፣ ትሄዳለች። ለዚህ ነው ቆጮ የተመረጠው። ቆጮ የምትፍቀው ሴት፣ የምትሸጠው ሴት፣ የምትገዛውም ሴት ናት። ወንድ በዚህ ተራ አያልፍም።

ሰማያዊ ጃንጥላ የለም።

ተራውን ዞረች። የለም።

«ቆጮሽ የየት ነው?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ድምፁ ግን የወንድ ነበር።

ዞር አለች። ይበልጣል ነው። አለቃዋ። ከአዲስ አበባ ቢሮው የማይወጣው ይበልጣል፣ በኮት፣ በተወለወለ ጫማ፣ ቆጮ ተራ መሃል ቆሟል። ሻጮቹ ሴቶች አንድ በአንድ ቀና አሉ። አንዷ በከምባትኛ የሆነ ነገር ተናገረችና ሌሎቹ ሳቁ።

«የአንጋጫ ነው» አለች አዜብ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ እህተማርያምስ?»

«አሟታል። አምጪ።»

«ሰው እያየዎት ነው። ቆጮ የሚገዛ ወንድ እዚህ የለም።»

«እንግዲያው ቶሎ በይ። ሳይቀላቀል የተወሰደ ነው?»

«ሳይቀላቀል።»

«ከቅመማ ክፍሉ?»

«ከቅመማ ክፍሉ።»

ቆጮውን ተቀብሎ እንደ ሕፃን አቀፈው። አያያዙ ልክ አልነበረም፤ ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። እሱ ግን ፈገግ አላለም።

«ሥራሽ አልቋል። ሆሳዕና እንዳትመለሺ። ከዚሁ መኪና ያዢና ዛሬውኑ አዲስ አበባ ግቢ።»

«ርግብስ?»

«ርግብን ለኔ ተዪያት።»

እና ሄደ።

አዜብ ባለችበት ቆማ ቀረች። የሚሠሩበት ክፍል አንድ የማይጣስ ደንብ አለው፦ ዕቃ በተላለፈበት ቀን ማንም ከቦታው አይጠፋም። የጠፋ ሰው ጣቱን ወደ ቀረው ሰው ይቀስራል። ደንቡን ያወጣው ይበልጣል ራሱ ነው።

ጥላዬ ከንፈሩ በአቮካዶ አረንጓዴ ሆኖ ከጭማቂ ቤቱ ወጣ። «እህት አዜብ! ድኛለሁ!»

«ተመስገን» አለችው። «ወደ ሆሳዕና እንመለስ።»

*

ስሟ አዜብ አልነበረም። ባልም አልሞተባትም። ሁለቱንም የሰጣት ክፍሉ ነው። ክፍሉ በሩ ላይ ጽሑፍ የሌለው፣ የሐሰት መድኃኒት የሚያሳድድ ቢሮ ነው። በፋይል ስሟ «ቁራ» ይባላል። ጥቁሩን ልብስ የመረጠላት ይበልጣል ነበር። ባል የሞተባት ሴት ጥያቄ አይበዛባትም ብሎ ነበር፤ ሰው ዝምታዋን እንደ ልብሷ ያየዋል፣ ገልጦ አያይም።

ልክ ነበር። ከሆሳዕና ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ግቢ ውስጥ ለወራት ስትሠራ ከየት መጣሽ ያላት የለም። ሥራዋ ከድርጅቱ መኪና ጋር በየገበያው እየዞሩ የሰው ስኳር መለካት ነበር፤ ሽሮፑን ከመጠጣታቸው በፊት፣ ደግሞም በሳምንቱ። ቁጥሩ ይወርዳል። ሁልጊዜ ይወርዳል። ሰው እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል። ጥላዬ ካርቶን ያወርዳል።

የድርጅቱ ባለቤት ነህምያ ይባላል። ፋርማሲስት ነው፤ ለስላሳ፣ የሚያምር ድምፅ ያለው ሰው። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከአንጋጫ ጭማቂ ቤቶች የሚጣለውን የአቮካዶ ልጣጭ በማዳበሪያ ከረጢት ያስሰበስባል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ሽሮፕ ይሆናል።

በተቀጠረች ሰሞን አንድ ልጣጭ አንስቶ ጥቁሩን ጀርባውን አሳያት።

«ሰው ውስጡን በልቶ ይህን ይጥለዋል እህት አዜብ። ጥቅሙ ያለው የተጣለው ላይ ነው። የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በዚህ ነው። አይጦች ላይ ሞከርኩት። ስኳራቸው ቀነሰ። ቁስላቸው ደረቀ። እውነቴን ነው፣ በጥቂቱም ቢሆን፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ቀነሰ።»

«ሰው ላይ ግን ቶሎ ነው የሚሠራው» አለችው።

ነህምያ ሳቀ። «አይጥ ምን አስቸኮላት? ሰው ግን ይቸኩላል።»

ልዩነቱን የሚያመጣው ቅመማ ክፍሉ ነበር። በሩ ሁለት ሰው ብቻ ያስገባል፤ ራሱን ነህምያንና የምታማስለውን ጵርስቅላን። ጵርስቅላ የቦኖሻ ልጅ ናት፤ ገና ያላገባች፣ ሳቂታ፣ አማርኛን በሃዲይኛ ዜማ የምትናገር። በበርሜሉ ላይ የምትበትነው ነጭ ዱቄት እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነው ተብላለች። የአዜብ ቢሮ ግን ሌላ ጠርጥሯል፦ የተፈጨ የስኳር በሽታ ኪኒን። ሐኪም በልክ የሚያዘው፣ ያለ ልክ ሲወሰድ የሚገድለው ኪኒን።

ይገድልም ነበር። ግን ማንም አላየውም።

የዚህ አገር አማኝ ይጾማል። የታመመ በተለይ ይጾማል። ጠዋት ሽሮፑን ይወስዳል፤ የልጣጭ ውኃ ማንን ይጎዳል? ከዚያ እህል ሳይቀምስ ተንበርክኮ ይውላል። ስኳሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ በጉልበቱ እንዳለ ያርፋል። ቤተሰቡ ያለቅሳል፣ ግን ደግሞ ይጽናናል። በጸሎት ላይ እያለ ተሰበሰበ ይባላል። እንዲህ ያለ ሞት ምኞት ነው። እንዲህ ያለውን ሞት ማን ይመረምራል?

የጵርስቅላ አክስት ፎንቆ ላይ የሞተችው እንደዚሁ ነበር። ሽሮፑን የወሰደችላት ራሷ ጵርስቅላ ናት።

አዜብ ያጠመደቻት በዚህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጵርስቅላ ወደ ኪራይ ክፍሏ እየመጣች አብራት ትቀመጥ ነበር። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም።

«ስሙ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀቻት አንድ ቀን።

«ገብረክርስቶስ» አለች አዜብ። ያፈለቀችው እዚያው ነው።

«ለሞተ አይጸለይም። ላንቺ ግን እጸልያለሁ።» እጇን ያዘችና ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጸሎት ጸለየች። ጨርሳ ዓይኗን ስትገልጥ አዜብ የአክስቷን አሟሟት ጠየቀቻት። ላብ ነበራት? እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር? ቃል ይጠፋባት ነበር?

ጵርስቅላ መልሱን ጨርሳ ስትናገር ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ዱቄቱ ነው?»

«እሱን ለማወቅ ዱቄቱ ያስፈልገኛል።»

«እዚያ የምንገባው ሁለታችን ብቻ ነን እቴ። ከጠፋ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«ስምሽ ከኔ አፍ አይወጣም። ምንም አይነካሽም። በሕይወቴ።»

ጵርስቅላ አመነቻት። በፋይሉ ላይ «ርግብ» ሆነች። ዱቄቱን በቆጮ ውስጥ ደብቃ ያመጣችው እሷ ናት፤ በቃጫ ያሰረችውም እሷ ናት።

*

ከአዲሎ በተመለሱ ማግስት የድርጅቱ የጾም ጸሎት ቀን ነበር።

ሠራተኛው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስቧል። ወንበሮቹ ተገፍተው ወደ ግድግዳው ተጠግተዋል። አዜብ ጵርስቅላን ለብቻዋ ልታገኛት ከጠዋት ጀምራ ፈለገቻት፤ ነህምያ ግን ቀድሞ መዝሙር እንድትመራ ፊት አስቀምጧታል።

ነህምያ ቆመ። መጽሐፍ ቅዱሱን ዘረጋ። ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

ላስቲክ። በቃጫ የታሰረ።

«ወገኖቼ፣ አንድ ዕቃ ጠፍቶብን ነበር» አለ። «ጌታ መለሰልን።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ይበልጣል አንድ ሌሊት እንኳ አላሳደረውም። የአዜብን ስም ግን አልሸጠም። እሷን ቢሸጥ ራሱን መሸጥ ነው፤ ለዚህ ነው አዲስ አበባ ግቢ ያላት። ጵርስቅላን ለመሸጥ ደግሞ ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር። ላስቲኩ ይበቃል።

«እህት ጵርስቅላ፣ ነይ» አለ ነህምያ። «ታማኝ እህታችን ናት። በእጇ የሚያልፈውን ሁሉ ጌታ ያውቃል። ዛሬ አዲስ ሽሮፕ ጠምቀናል፤ ከበፊቱ የበረታ። በእምነት ትቀምስልን።»

«ጾም አይደለም እንዴ ወንድም ነህምያ?» አለ አንድ ልጣጭ አጣቢ።

«መድኃኒት ጾም አይፈታም። ወይስ አንተ ልትጠጣላት ነው?»

ሰው ሳቀ።

ብርጭቆው ትልቅ ነበር። እስከ አፉ ሞላው። ጵርስቅላ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አስተዳደጓ ነው፣ ከታላቅ የሚሰጣትን በሁለት እጇ ነው የምትቀበለው። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ታውቅ ነበር። አዜብም ታውቅ ነበር።

ነህምያ ጵርስቅላን አያይም። ሰዉን ነው የሚያየው። ፊት በፊት፣ አንድ በአንድ። ዱቄቱን ማን እንዳወጣው አውቋል። የሚፈልገው ለማን እንደሰጠችው ነው። የሚደነግጥ ፊት ይፈልጋል።

ጵርስቅላ ወደ አዜብ አልዞረችም። አንዴም። መሬት መሬት እያየች እስከ ታች ጠጣችው።

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

አዜብም አሜን አለች።

*

በሩ ተዘጋ። ጥላዬ በሩ ላይ ቆመ። ጸሎት ተጀመረ፤ ከዚያ መዝሙር፣ ከዚያ እንደገና ጸሎት። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተዛወረች።

መጀመሪያ የጵርስቅላ አንገት ረጠበ። ከዚያ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መዝሙሩን ስትመራ ስንኙ ጠፋባት፤ ሌላ ስንኝ አስገባች፤ እሱም ጠፋባት። ጉልበቷ ሲከዳት አጠገቧ ያሉት ሴቶች ደገፏት።

«መንፈስ እየነካት ነው!» አለች አንዷ በደስታ።

ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከበሮው ፈጠነ። ሴቶቹ በፍቅር ከበቧት፤ እጃቸውን ጫኑባት፣ አብረዋት አለቀሱ። ከመካከላቸው ክፉ የሚመኝላት አንድም አልነበረም።

ነህምያ አሁን ዓይኑን ጨፍኗል። ሁሉም ጨፍኗል። ጸሎት መሃል ዓይኑን የሚገልጥ ሰላይ ብቻ ነው።

አዜብ የመለኪያ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ በሰዉ መሃል ገባች። ጵርስቅላን ብብቷ ሥር ይዛ ወደ በሩ ጎተተቻት።

«የት ነው?» አለ ጥላዬ።

«የሴት ነገር ነው። ልብሷ ሊበላሽ ነው።»

ጥላዬ አፈረ። ፊቱን አዙሮ በሩን ከፈተላት።

ከጀርባ ባለው ማጠቢያ ዳስ ውስጥ ማንም አልነበረም። ልጣጩ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ጠቁሯል። ጵርስቅላን ማዳበሪያ ክምር ላይ አስተኛቻት። ጣቷን ወጋች። ጠበቀች።

ሃምሳ ስምንት።

«እቴ» አለች ጵርስቅላ። ከንፈሯ ደርቋል። «አላየሁሽም። አይተሻል አይደል? አንዴም አላየሁሽም።»

«አይቻለሁ። ጎበዝ ነሽ።»

«ብዙ ነው የጨመረበት። መረረኝ። ከረሜላ ስጪኝ። ያ ለገበያ የምትይዢውን።»

የአዜብ እጅ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ጣቷ ከረሜላውን ነካ። ከጎኑ ሚሪንዳ አለ። ከሥሩ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ሲሪንጅና የደም ብልቃጦች አሉ።

ዱቄቱ ተመልሷል። ነህምያ ቅመማ ክፍሉን ዛሬውኑ ያጥበዋል። የቀረው ማስረጃ ይህች ልጅ ናት። ደሟ።

ግን ሃምሳ ስምንት የጾመኛም ቁጥር ነው። የነህምያ ጠበቃ «ጾማ ነበር» ይላል። ኪኒኑ ቢገኝባት «ሰርቃ ውጣ ነው» ይላል፤ «ይኸው፣ ምንም አላደረጋትም» ይላል። ጾም ወደማያደርስበት የወረደ ስኳርና ያወረደው ኪኒን፣ ሁለቱ በአንድ ደም ውስጥ መገኘት አለባቸው። ያኔ የሚከራከር የለም። ያኔ ፋይሉ አይዘጋም። ከፎንቆ እስከ ዱራሜ ጠርሙስ አቅፎ የሚንበረከክ ሰው ሁሉ ይተርፋል።

«ትንሽ ቆዪ» አለቻት።

«እ?»

«ትንሽ ቆዪ፣ እሰጥሻለሁ።»

ጵርስቅላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አመነቻት። ታማኝ ልጅ ናት።

ከአዳራሹ መዝሙሩ ይሰማል።

እንደገና ለካች። አርባ አንድ።

ይበቃ ነበር? ምናልባት። አዜብ ግን አዲስ አበባ ውስጥ «ምናልባት» ያለበት ፋይል የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች።

ጠበቀች።

አማርኛው ቀድሞ ሄደ። ጵርስቅላ በሃዲይኛ መናገር ጀመረች፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በልመና፣ ከዚያ ሕፃን እናቱን እንደሚጠራ። አዜብ ቋንቋውን አታውቅም። የሚለመነው ምን እንደሆነ ግን ታውቃለች። ጵርስቅላ የአዜብን ጥቁር ነጠላ ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች። አልለቀቀችም።

«ደርሷል። ትንሽ ብቻ» አለች አዜብ።

ከዚያ የጵርስቅላ ዓይን ወደ ላይ ተገለበጠ። ሰውነቷ ተገተረ። እግሮቿ ገንዳውን ይመቱ ጀመር።

ጣቷን ወጋች።

ሃያ አራት።

ክንዷን በጉልበቷ ተጭና ደም ሥሯን አገኘችው። አንድ ብልቃጥ። ሁለተኛ ብልቃጥ።

ከዚያ ነው ሚሪንዳውን የከፈተችው። ጥርሷ ተገጣጥሟል። በጣቷ ድዷ ላይ ቀባቻት፣ በጉንጯ በኩል ጠብ ጠብ አደረገችላት፣ አገጯ ላይ ፈሰሰ። ብልቃጦቹን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተች። ያኔ ጮኸች።

«ሰው! የሰው ያለህ!»

ጥላዬ እየሮጠ መጣ። ያየውን አይቶ ማንንም አላስፈቀደም። ጵርስቅላን ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባትና ወደ ሆስፒታል በረረ፤ ባጃጆቹ እየሸሹ መንገድ ለቀቁለት። እየነዳ ያለቅስ ነበር።

«እህት አዜብ፣ ወርዶባት ነው አይደል? እንደኔ?»

«አዎ።»

«ጣፋጭ ነው የሚወስደው ብለሽኝ አልነበር? ለኔ ወዲያው አይደል የነገርሽኝ? አልሰጠሻትም እንዴ?»

«ሰጥቻታለሁ» አለች።

ጥላዬ በመስታወቱ አያት።

*

ሐኪሞቹ በደም ሥሯ ስኳር ሰጧት። ወጣ፤ ተመልሶ ወረደ። እንደገና ሰጧት። የጠጣችው ብዙ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ከታች ይጎትታታል። አልነቃችም።

አዜብ የአልጋውን እግር ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወጣች።

እያንዳንዱ ሰላይ አንድ ሁለተኛ በር አለው። «ጓሮ» ይሉታል። አንዴ ብቻ ይከፈታል፤ ከከፈቱት በኋላ በያዙት ስም መኖር አይቻልም። የአዜብ ጓሮ ሆሳዕና ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ነበር።

እህተማርያም በሩን ከፈተች። ሰማያዊው ጃንጥላ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«እትዬ፣ አሞሽ ነበር?»

«ማነው ያለሽ?»

«ይበልጣል።»

«ለኔ ቀጠሮው ተሰርዟል ነው ያለኝ» አለች አሮጊቷ። «ግቢ።»

አዜብ ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አካሏ ላይ ሞቀው ነበር።

«የማን ነው?»

«የርግብ።»

«በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«ስንት ላይ ቀዳሽው?»

«ሃያ አራት።»

እህተማርያም ወደዚህ ሥራ ሳትገባ ነርስ ነበረች። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። «ሃያ አራት እስኪደርስ...» ብላ ጀመረች። ብልቃጦቹን በበረዶ ሣጥን አድርጋ ነጠላዋን ለበሰች።

«ንጹሕ ማስረጃ ነው» አለች። «በይበልጣል በኩል አያልፍም። በእጄ አደርሰዋለሁ።»

እና ሄደች።

*

ደሙ ሁሉንም ተናገረ። የሚከራከር አልተገኘም።

ነህምያን ፖሊሶች የያዙት ከግቢው በር ላይ ነው። አልታገለም። መኪናው ላይ ሲያወጡት ግን ለሠራተኞቹ ጮኸ፤ «ልጣጩ እውነት ነው! ልጣጩ ይሠራል! ዱቄቱን ነው እንጂ ልጣጩን አትኮንኑት!» ይህንንም እውነቱን ነበር። ግን የሰማው የለም። ጥናቱም ከሱ ጋር ታሸገ። ጭማቂ ቤቶቹ ልጣጩን እንደ ድሮው መጣል ጀመሩ።

የቅመማ ክፍሉ ቁልፍ የፖሊስ ነው። ጠርሙሶቹ ከየገበያው፣ ከየሱቁ ተሰብስበው ጉድጓድ ገቡ። በጾም ቀን በጉልበት እንዳሉ መሞት ቀረ።

ይበልጣል ጡረታ ወጣ። ስጦታ ተሰጠው፤ ሽኝቱ ላይ እህተማርያም አልተገኘችም። ላስቲኩ እንዴት ወደ ነህምያ እንደተመለሰ በፋይሉ ላይ የሚገልጽ ገጽ የለም።

«ቁራ» የሚለው ስም ተዘጋ። ጥቁሩ ልብስ ተመለሰ።

*

ቦኖሻ ቆላ ነው። ከመኪና የወረደችው ሴት ቢጫ ሹራብ ለብሳለች፤ ፀጉሯ አጥሯል፤ መነጽር አድርጋለች። እንዳትመጣ ተከልክላ ነበር።

ቤቱን ጠይቃ አገኘችው። ጵርስቅላ ደጃፉ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች። ከወንበሩ እንዳትወድቅ በወገቧ መቀነት ታስራለች። አንድ እጇ ጭኗ ላይ ታጥፎ ቀርቷል። ወደ መንገዱ ታያለች፤ የሚያልፈውን ግን አትከተልም።

እናቷ ከጓዳ ወጣች። አማርኛዋ የሃዲይኛ ዜማ አለው።

«ማን ነሽ የኔ ልጅ?»

«ከጤና ጥናት ነው የመጣሁት እማማ። በሽሮፑ የተጎዱትን እየጠየቅን ነው።»

«ጎሽ። ተቀመጪ።» በርጩማ አቀረበችላት። «ጠይቂ።»

ጠየቀች። ትበላለች ወይ? ትበላለች፣ በጉርሻ። ትናገራለች ወይ? አትናገርም። ሰው ታውቃለች ወይ? እናትየዋ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ዶክተሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ስኳር ብታገኝ አለ። ትንሽ ብቻ። ጊዜ ነበረ አለ።» በነጠላዋ የልጇን አገጭ ጠረገች። «አንዲት ሴት አብራት ነበረች አሉኝ። ባሏ የሞተባት። ጥቁር የለበሰች። ልጄ ትወዳት ነበር፤ ቤት ስትመጣ ስለሷ ነበር የምታወራው፣ ብቻዋን ናት፣ ታሳዝናለች እያለች። ያቺ ሴት ጠፋች።»

መነጽር ያደረገችው ሴት የሹራቧን እጅጌ ጎተተች።

«አልቆጣትም። ምን አደርጋታለሁ? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት ነበር። ልጄ መጨረሻ የተናገረችው ምንድን ነው? እሷ ሰምታለች። እኔ እናት ነኝ፣ አልሰማሁም።» ቀና ብላ አየቻት። «ስትዞሪ አላጋጠመችሽም? አታውቂያትም?»

ጵርስቅላ መንገዱን ታያለች። ዝንብ ከንፈሯ ላይ አረፈ። አላባረረችውም።

«አላውቃትም እማማ» አለች ሴትዮዋ።

«እሺ። ጌታ ይባርክሽ፣ ስለ ጠየቅሽን።»

ተነሳች። በርጩማውን ወደ ቦታው መለሰች። መንገዱ ዳር ሚኒባስ ቆሞ ነበር፤ ረዳቱ «ሆሳዕና! ሆሳዕና አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል።

«ግቢ እህቴ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን።»

ገባች። አንዲት ዶሮ ያቀፈች ሴት ተጠጋጋችላት። በሩ ተዘጋ።

መኪናው ሞላ።